የታጠረ ውሃ አደራ

ደባርቅ ላይ በሳሎኑ ጥግ ትንሽ አኳሪየም ማኖር የፈለገ ሰው ነገሩን የሚያየው እንደ ቤት ማስዋቢያ ነው። ሥዕል ይሰቀላል፣ መጋረጃ ይቀየራል፣ የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ዓሣ የሚዋኝበት መስታወትም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ ግን አኳሪየሙን ከዚያ ተርታ የሚያወጣ ነው። ሥዕል አንዴ ከተሰቀለ በኋላ ከባለቤቱ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ አቧራውን ቢያራግፍለት መልካም፣ ባያራግፍለትም ሥዕልነቱ አይቀርም። ሕይወት ያለውን ነገር ያጠረ ሰው ግን አጥሩ የቆረጠውን ሥራ ሁሉ በራሱ ትከሻ ላይ ይጭናል። ወንዙ ሲያጥበው፣ ነፋሱ ሲያናፍሰው፣ አሸዋው ሲያጣራው የኖረውን ውሃ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚያጥበውም የሚያናፍሰውም የሚያጣራውም እሱ ነው። ያጠረ ሁሉ አደራ ተቀብሏል፤ አጥሩ በጠበበ መጠን ደግሞ አደራው ይከብዳል። ይህ በሳሎን ጥግ ባለ 54 ሊትር ውሃ ላይ እውነት ከሆነ ከደባርቅ በላይ ባሉት ተራሮች ላይም እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዬን ከትንሹ ልጀምር።

መስታወቱ በመጀመሪያ የሚቆርጠው ዓይን የማያየውን ሥራ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱና የተረፈ ምግቡም ሲበሰብስ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በወንዝ ውስጥ ግን መርዙ እንደወጣ በጅረቱ ይወሰዳል፣ በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎችም ይመገቡታል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እነዚህን ባክቴሪያዎች አጥንቶ ሥራቸው በሁለት እርከን እንደሚከናወን አሳየ፦ አንዱ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትራይትም እንደ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፣ ለተክልም ምግብ ይሆናል። ዛሬ ታጥቦ ዛሬ በቧንቧ ውሃ የተሞላ መስታወት እነዚህ ሠራተኞች የሉትም። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጠጠሩ ይቆጠርበታል። ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን ያስገባ ሰው በሳምንቱ ሞቶ ሲያገኘው በሻጩ ያሳብባል ወይም «ዓሣው በሽተኛ ነበር» ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለወራጅ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የቆመውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አኳሪየም ማዘጋጀት ማለት በዋናነት የማይታየውን ነዋሪ ማሳደር ነው፤ የሚታየው ነዋሪ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የደባርቅ አየር በዚህ ላይ የራሱን ሸክም ይጨምራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ ከላይ የሚጫነው አየር የፈቀደለትን ያህል ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ያው ውሃ ደባርቅ ላይ 6 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። በመስታወት ውስጥ የሚያምሩት ባለ ብዙ ቀለም ዓሦች አብዛኞቹ የሞቃት አገር ተወላጆች ናቸው፤ 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ማሞቂያ ግድ ነው፤ ማሞቂያው ደግሞ ውሃውን ባሞቀ ቁጥር የያዘውን ኦክስጅን ይቀንስበታል። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው፣ ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። ብርድ የሚችል ዓሣ ለመረጠ ሰው ነገሩ ይሻላል፤ 15 ዲግሪ ውሃ በዚሁ ከፍታ 7 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛልና ብርዱ ከፍታው የወሰደውን በከፊል ይመልሳል። ሆኖም ያው ብርድ ባክቴሪያዎቹን ያዘገያቸዋል፤ በሌላ አገር በስድስት ሳምንት የሚያልቀው ጥበቃ እዚህ ይረዝማል። ቦታው በአንድ በኩል የሰጠውን በሌላ በኩል ያስከፍላል፤ ሒሳቡን የሚያወራርደው ያጠረው ሰው ነው።

የመስታወቱ ትንሽነት ደግሞ ሸክሙን የሚያቀል ይመስላል እንጂ አያቀልም። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ቁመት ያለው መስታወት እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። በጣና ውስጥ አንድ ዓሣ ቢሞት ሐይቁ አያውቀውም፤ በዚህ መስታወት ውስጥ ከድንጋይ ሥር ተደብቆ የሞተ አንድ ዓሣ የቀሩትን ሁሉ ሊገድል ይችላል። ሐይቅ የሌሊቱን ብርድ በስፋቱ ይቋቋማል፤ 54 ሊትር ውሃ ግን ከክፍሉ ጋር ይሞቃል፣ ከክፍሉ ጋር ይቀዘቅዛል። ከዚህም የባሰው ለጌጥ ተብሎ የሚሸጠው አፈ ጠባብ ክብ ብርጭቆ ነው፤ ውሃው ጥቂት፣ አየር የሚነካው ገጽ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በጀማሪው ዘንድ ትንሹ ቀላል ይባላል፤ ሆኖም ስሕተት የሚችል ስፋት ነው፣ ጥበት ስሕተት አይችልም።

ውሃን ማጠር ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎንደር፣ ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. በነገሡት በአፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ይሞላል። ካህናቱ ይባርኩታል፣ ሕዝቡ ይጠመቅበታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቅና ገንዳው የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይከርማል። በየደብሩ ታቦት በሚወርድበት ጥምቀተ ባሕርም ጅረት ለጥቂት ቀን ይገደባል፣ ከዚያ ይለቀቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስለ አጥር ትልቅ ማስተዋል አለ። ውሃው የሚከለለው ለታወቀ ጊዜና ለታወቀ ጉዳይ ነው፤ ከወንዝ ይመጣል፣ ወደ መሬቱ ይመለሳል፤ ጠባቂው አደራውን በቀጠሮው አስረክቦ ነፃ ይወጣል። አኳሪየምም ሲሞላ ያንን ይመስላል፤ ዓሣው በገባ ሰዓት ግን ገንዳውን አድርቆ መሄድ የሚባል ነገር ቀረ። መግቢያ እንጂ መውጫ ቀን የሌለው አጥር ስለሆነ ያጠረው ሰው ቀጠሮ የሌለው ጠባቂ ሆኗል።

የአኳሪየም ታሪክ ራሱ ይህን አደራ ከራስ ላይ ለማውረድ የተደረገ ሙከራ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1832 ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳያዊት ተመራማሪ በሲሲሊ ደሴት የመስታወት ገንዳ አሠርታ አርጎናውት የተባለውን የባሕር እንስሳ አጠናች፤ ቅርፊቱን ራሱ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ትፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ በለንደን ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ዓሣና የውሃ ተክል በአንድ ዕቃ አኑሮ ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን እንደሚሰጥ፣ ዓሣውም ተክሉን እንደሚመግብ አስታወቀ። ሁለቱ በሚዛን ከተቀመጡ ውሃው ሳይቀየር ይኖራሉ የሚል ተስፋ ከዚያ ተወለደ። አራት ዓመት ቆይቶ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ የእንግሊዝ ቤቶች ሁሉ ፋሽን ሆነ። የዋሪንግተንን ሙከራ በቅርብ ላየው ግን ሚዛኑ በራሱ የቆመ አልነበረም። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረ፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ሲበላለት ውሃው ተስተካከለ። ሚዛኑን ይጠብቅ የነበረው በየጊዜው እያየ የጎደለውን የሚሞላው ሰው ነው። ሕዝቡ ግን ከትምህርቱ የወሰደው ሚዛኑን ብቻ ሆነ፤ ጠባቂውን ረሳው። ፋሽኑም የእንግሊዝን የባሕር ዳር ኩሬዎች እስከ ማራቆት ደረሰ፤ የጎስ ልጅ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ አባቱ በጻፈው ትዝታ፣ አባቱ የገለጣቸው ለምለም ኩሬዎች በሰብሳቢዎች እጅ መውደማቸውን በሐዘን መዝግቧል።

«ሲሰለቸኝ ወንዝ ውስጥ እለቀዋለሁ» የሚል ሰውም መውጫ አላገኘም። ለዚህ ከጣና የቀረበ ምስክር የለም። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ዓለምን የዞረው ከሁሉ በላይ ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነው፤ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ እየወሰዱት። በጣና ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን ምን ያህል እንዳደከመ በእጁ ሲነቅል የዋለ ሕዝብ ያውቀዋል። ጣና ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው በዚያው ሐይቅ ውስጥ ብዙ ሆነው ተለያይተው የበቀሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና መገጭ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንግዳ ዓሣ፣ እንግዳ ተክል ወይም እንግዳ በሽታ በእንደዚህ ዓይነት ውሃ ላይ መልቀቅ አደራን መመለስ አይባልም፤ የራስን ሸክም ላልተጠየቀ ሐይቅ ማሸከም ነው። «እንግዲያው የአገሬን ዓሣ ላኑር» ለሚልም የነጭ ዓሣው ጉዞ መልስ ይሰጣል፤ ሐይቅና ወንዝ አንድ ላይ የሚያስፈልገውን ፍጥረት 60 ሴንቲ ሜትር መስታወት አይችለውም።

በዚህ የአደራ ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ዓሣ ዓሣ ነው፤ በድስት የሚገባ ፍጥረት የምን አደራ አለበት?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት የትራውት ዓሣ ፊት ላይ ጉዳት የሚለዩ ነርቮች አግኝተዋል፤ ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦችም ምግብ ትተው ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ሲፍቁ ታይተዋል። ይህ ሕመም መሆን አለመሆኑን ዛሬም የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢያልቅ ግን የእኔ ነጥብ አይነካም፤ አደራውን ያመጣው የዓሣው ስሜት ብቻ አይደለምና። የወንዝ ዓሣ ውሃው ሲከፋበት ወደ ጥላው ይሸሻል፣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ወደ ፏፏቴው ሥር ይጠጋል። የመስታወቱ ዓሣ መሸሻውን የተነጠቀው በባለቤቱ ውሳኔ ነው። የሌላውን መውጫ የዘጋ ሰው በውስጡ ስለሚደርሰው ነገር ተጠያቂ መሆኑን ስለ በረትና ስለ ቤት ስንናገር ሁላችንም እንቀበላለን፤ ውሃ ላይ ሲደርስ የሚቀየርበት ምክንያት የለም። ዓሣ ለምግብ አስግሮ የበላ ሰውም ሕይወቱን በአንድ ጊዜ ወሰደ እንጂ ከነሕይወቱ ዘግቶ አልረሳውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለጌጥ ውሃ ማፍሰስ ቅንጦት አይደለምን? ሒሳቡን መሥራት ይገባል። 50 ሊትር ያህል ውሃ ያለበት መስታወት በሳምንት ሩቡ ቢቀየርለት 12 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ የ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ። የሚወጣው ውሃ ናይትሬት የያዘ ስለሆነ ለጓሮ ጎመን ከንጹሕ ውሃ የተሻለ ነው፤ በከንቱ አይፈስም። ይህ መልስ ግን የሚያረካው ውሃው በማን ጀርባ እንደሚመጣ እስካልተጠየቀ ድረስ ብቻ ነው። ያን ግማሽ ጀሪካን ከምንጭ የምታመጣው የቤት ሠራተኛ ወይም የጎረቤት ልጅ ከሆነች አደራውን የተሸከመችው እሷ ናት፤ ባለቤቱ የወሰደው ውበቱን ብቻ ነው። እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ አኳሪየም መኖር የለበትም ብዬ በግልጽ እላለሁ። ውበቱን የሚያየው ሰው ሸክሙንም ሲሸከም ግን ቅንጦት የሚለው ክስ ይወድቃል፤ የሠራበትን ጊዜና ጉልበት ለሚያምር ነገር የሰጠ ሰው ማንንም አልበደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእኔው ክርክር የሚወጣ ነው፦ ማጠር ይህን ያህል ዕዳ ካመጣ ምንም አለማጠር አይሻልም? ለመስታወቱ መልሴ አዎ፣ ሊሻል ይችላል ነው፤ አለማኖር የተከበረ ምርጫ ነው። «ያጠርነው ለማዳን ነው» የሚለውም ማመካኛ በቀላሉ አያስጥልም። በደቡብ ቻይና የነጭ ደመና ተራራ ጅረቶች የታወቀች፣ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የምታድግ፣ ብርድ የምትችል ትንሽ ዓሣ በመላው ዓለም በመስታወት ውስጥ እየተራባች ሳለ በተራራዋ ላይ ለረጅም ጊዜ ታጥታ ጠፍታለች እስከ መባል ደርሳ ነበር፤ በኋላ በጥቂት ቦታ የተረፉ ተገኙ። መስታወቱ ዓሣዋን ጠበቀ፣ ጅረቷን ግን አልጠበቀም። ይሁን እንጂ አለማጠር በሁሉም ቦታ የሚገኝ ምርጫ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ባይከለል ኖሮ ማረሻው እስከ ገደሉ አፋፍ ይወጣ ነበር፤ ዋሊያ ደግሞ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ አገር የለውም። እዚህ ላይ ያለው ምርጫ በአደራ ማጠርና ያለ አደራ ማጠር ብቻ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ መግባቱ፣ ከዚያም በ2017 መውጣቱ የሚያሳየው ድንበር በማስመር ብቻ ጥበቃ እንደማይገኝ ነው። ያ ድንበር የቆረጠው የዋሊያን ጠላት ብቻ አልነበረም፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረችውን የግጭ መንደር ሰዎች የገብስ ማሳና የግጦሽ መስክም ቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ሲዛወሩ ተራራው ለእነሱ ይሰጥ የነበረውን እንጀራ የመስጠት ሥራ ተራራውን ባጠረው ወገን ትከሻ ላይ ወድቋል፤ ያ ወገን ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ በፓርኩ ስም የምትታወቀዋ ከተማ፣ ዋሊያውን ለማየት የሚመጣው ጎብኚና በቅርሱ የሚኮራው ሁሉ ነው። ካሳ ተከፍሎ የሚዘጋ መዝገብ የለውም፤ እንደ መስታወቱ ሁሉ ይህም ቀጠሮ የሌለው ጠባቂነት ነው።

ትንሹን መስታወት ከነሸክሙ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁን አጥር ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጠባይ፣ ማለትም ከሚታየው በፊት ለማይታየው መሥራት፣ መታገሥና ያለ ቀጠሮ መጠበቅ፣ በንግግር አይለመድም፤ በእጅ ይለመዳል። ልምምዱም ቅደም ተከተል አለው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ዓሣውን፣ ቀጥሎ መስታወቱን ይገዛል፣ ስለ ውሃው የሚጠይቀው ዓሣው ሲታመም ነው። ይህ መገልበጥ አለበት። አስቀድሞ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚያናፍስ፣ ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ ማን እንደሚያይ ይወሰን። ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክዳን በሌለው ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ ማጣሪያው ዓሣ በሌለበት ውሃ ይሥራ፤ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበት፤ በመመርመሪያ ሲለካ አሞኒያም ናይትራይትም ተነሥተው ወደ ዜሮ እስኪወርዱ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ትንንሽ፣ ብርድ የሚችሉ ዓሦች ይግቡ። ወርቃማው ዓሣ ብርድ ቢችልም ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግና ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ለትንሽ መስታወት አይሆንም። የተነቀለ ተክልም ሆነ የሞተ ዓሣ መሬት ይቀበር እንጂ ወደ ወንዝ አይጣል። ይህን ሁሉ በቤቱ አይቶ ያደገ ልጅ ፓርክ ሲባል አጥር ብቻ አይታየውም፤ በአጥሩ ምክንያት ሥራ የተጨመረበት ሰው እንዳለም ይገባዋል።

እንግዲህ ሕይወትን ለማጠር የተነሣ ሁሉ፣ የሚያጥረው በሳሎን ጥግ 54 ሊትር ውሃ ይሁን ወይም የተራራ ሰንሰለት፣ ከውበቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አንድ ነው፦ አጥሩ የቆረጠውን ሥራ ዛሬ ማን ይሠራዋል፣ ነገስ? ጥያቄው በምኞት አይመለስም፤ በስም ነው የሚመለስ። የሚሠራውን ሰው በስሙ መጥራት የቻለ፣ ስሙም የራሱ ከሆነ፣ ያጥር፤ ያማረ ነገር ወደ ቤቱ አምጥቷልና ደስ ይበለው። ስም መጥራት ያልቻለ ግን ውሃውን ለወንዙ፣ ዓሣውን ለውሃው ይተው።